በነጭ ሣር ሜዳ የቀረችው ቆርኬ

በነጭ ሣር ፓርክ ስካውት፣ ማለትም የዱር እንስሳት ጠባቂ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የተሰጠኝ አንድ ኮዳ፣ አንድ የዝናብ ካፖርትና አንድ የሩቅ ማሳያ መነጽር ነበር። ጠመንጃ ጠብቄ ነበር። የስካውቶቹ ኃላፊ አሥር አለቃ ይመር ዓይኔን አይተው ገባቸው።

"ጠመንጃው ይደርሳል" አሉኝ። "መጀመሪያ ማየት ተማር።"

አሥር አለቃ የወሎ ሰው ናቸው። በውትድርና ወደ ደቡብ መጥተው አርባ ምንጭ አገቡ፣ ወለዱ፣ እዚሁ ቀሩ። እኔ ደግሞ የገረሴ ልጅ ነኝ። አንጁሎ እባላለሁ። ያደግሁት ብርድና ገብስ ባለበት ደጋ ነው፤ ቤታችን የሚነገረው ጋሞኛ ነበር። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ስለሆነ ወንዱንና ሴቱን አምታታ ነበር። ዛሬም አንዳንዴ ያመልጠኛል።

በዚያ ቀን በመኪና ተሳፍረን ጫካውን አቋረጥን። ከተማው ግርጌ እንዲህ ያለ ጫካ መኖሩን በስም እንጂ በዓይን አላውቅም ነበር። በጋ ነው፤ ላይ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል አቧራው ይጨሳል፤ እዚህ ግን መሬቱ ርጥብ ነው። የሾላው ግንድ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩናል። "ይህ ጫካ የሚጠጣው ከሰማይ አይደለም፣ ከሥር ነው" አሉኝ አሥር አለቃ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው።

ከጫካው ወጥተን የእግዜር ድልድይ የሚባለውን ኮረብታማ መሬት ይዘን ሄድን። በግራ ዓባያ፣ በቀኝ ጫሞ። ዓባያ እንደ ሸክላ ቀይ ነው፤ ጫሞ ሰማያዊ ነው። ጥቁር ድንጋይ የበዛበትን ዳገት ወጥተን ስንወርድ ሜዳው ተዘረጋ። ሣሩ ደርቆ ነጥቷል። ከሜዳው ማዶ የአማሮ ተራራ ቆሟል።

"ምን ይታይሃል?" አሉኝ።

መነጽሩን አነሣሁ። "የሜዳ አህያ። ደግሞ ቀይ ሚዳቋ... ቆማለች።"

"ሚዳቋ አይደለም፤ ቆርኬ ነው። ቀንዱ ወጥቶ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ፊቱ ረጅም፣ ትከሻው ከዳሌው ከፍ ያለ። ደግሞ 'ቆማለች' ያልከው ወንድ ነው። ቤትህ እንደፈለግህ አውራ፤ ሪፖርት ላይ ግን ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት በል። የቆርኬ ሴትም ቀንድ አላት። አንገቱን እይ፣ ወፍራም ነው ቀጭን?"

ያን ቀን ቆርኬዎቹ በመንጋ ነበሩ። ጥጆችም ነበሯቸው። ማንም ለየት ያለ ነገር ነው ብሎ አላያቸውም። እኔም አላየሁም።

የስካውት ሥራ በአብዛኛው መራመድ ነው። ጠዋት በራዲዮ የት እንዳለህ ትናገራለህ፤ ከዚያ ትሄዳለህ። ኮቴ ታያለህ፣ ፋንድያ ታያለህ፣ የጎማ ምልክት ታያለህ፣ ያልነበረ ጭስ ታያለህ። ሲመሽ ያየኸውን ለአለቃህ ትናገራለህ። ምንም ካላየህ ምንም አላየሁም ትላለህ። ይህንን የመጨረሻውን ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። አዲስ ስካውት ባዶ እጁን ለመመለስ ያፍራል፤ ያላየውን ነብር ያያል።

ሜዳው ዋልካ ነው። በጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይሰብራል፤ ክረምት እንደ ሊጥ ይይዛል። ዝናብ በጣለ ቀን መኪና ይዞ መግባት ማለት እዚያው ማደር ማለት ነው። ጫማህ ሥር የተጣበቀው ጭቃ ከጫማው ይከብዳል። ብዙዎቻችን ጫማችንን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን በባዶ እግር ነበር የምንሄደው።

አንድ ጊዜ አንድ የሥነ ምድር መምህር ተማሪዎቹን ይዞ መጣና አጃቢ ሆኜ ወጣሁ። ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል እያየን ቆምን። መሬቱ በዚህ በኩል እየተላቀቀ፣ መካከሉ እየሰመጠ፣ ከውስጥ እሳት የተፋው ድንጋይ ደግሞ በመሃል ሆኖ ሁለቱን ውኃ እንደለየ ነገራቸው። ቀጥሎ ጣቱን ወደ ጨንቻ ተራራ ዘረጋ። እዚያ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ፣ ተራራውን ከውስጥ ወርዶ፣ ከጫካው ራስጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል አለ። ጫካው የሚኖረው በዚያ ነው።

እኔ የዝናቡ አገር ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ጣራችንን ሲደበድብ የነበረው ዝናብ የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። "እና አሁን እናትህ ስታጥብ ጫካው ሳሙና ይጠጣል?" ብላ ሳቀችብኝ።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ማገዶ ሊለቅሙ ጫካ ከሚገቡ ሴቶች ጋር ተከራክሬያለሁ። ኩልፎ ወንዝ ዳር አዞ ከሰው በፊት አይቼ "ተመለሱ!" ብዬ ጮኼያለሁ። የሜዳ እሳት በቅጠል አጥፍቻለሁ። ጠመንጃውም ደረሰኝ፤ ከከባድነቱ በቀር ብዙም የማስታውሰው የለኝም።

በየዓመቱ ቆጠራ ነበር። ስካውቶች ሜዳው ላይ ተራርቀን በመስመር እንቆምና አንድ ላይ እየተራመድን ያየነውን እንናገራለን። የሜዳ አህያ እንዳለ ነው። ሚዳቋ አለ። ቆርኬ ግን በየዓመቱ የሚጠራው አነሰ። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሣሩን ቁጥቋጦ እየገባበት ሄደ። ከብት በዛ። ሰው ሥራ አጥቶ በተቸገረባቸው ጊዜያት ለሥጋው የታደነም አለ። ጥጆቹን ጅብና ቀበሮ በላቸው። ይህ ሁሉ አንድ ቀን የሆነ ቢሆን እንነቃ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የሆነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ላይ መስመሩ ሜዳውን ጨርሶ ወጣና አሥር አለቃ "ቆርኬ ያየ?" ብለው ጠየቁ። እኔ ብቻ እጄን አወጣሁ።

"ስንት?"

"አንድ።"

"ወንድ?"

"ሴት ናት።"

በማግስቱ ሁላችንም ተመልሰን ፈለግን። ሌላ አልነበረም። አሥር አለቃ እሷን መከታተል የእኔ ሥራ እንዲሆን ወሰኑ።

ከሜዳ አህዮች ጋር ነበር የምትኖረው። ሲሄዱ ትሄዳለች፤ ሲቆሙ ትቆማለች። ቆርኬ ምስጥ በቆለለው ኩይሳ ላይ ወጥቶ አካባቢን መቃኘት ይወዳል። እሷም መንጋው ሲግጥ ኩይሳ ላይ ወጥታ ትቆማለች። አንድ ነገር ስታይ በአፍንጫዋ ትነፋለች። ያኔ የሜዳ አህዮቹ ሁሉ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ ስትሮጥም ተከትለዋት ይሮጣሉ። ዘበኛቸው ሆናለች።

ግን የሜዳ አህዮች ሁለት ሁለት እየሆኑ አንገት ለአንገት ተደጋግፈው ይተካከካሉ። እሷን የሚያክ አልነበረም። በዚያ ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ብላ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ትቆም ነበር። ይህንን በሪፖርት አልተናገርኩም፤ ምን ተብሎ ይነገራል?

ገልገሎን ያወቅሁት በእሷ ምክንያት ነው። ከሜዳው ምሥራቅ በኩል የሚኖር ከብት አርቢ ነበር። አማርኛው ትንሽ ነው፤ የእኔ ኦሮምኛ ከሱ አማርኛ ያነሰ ነው፤ በሁለቱም እየቀላቀልን እንግባባለን። መጀመሪያ የተገናኘነው ከብቶቹን ሰርመሌ ወንዝ ዳር አግኝቼ ነው።

"ከብቶችህን መልስ፤ እዚህ አይገባም" አልኩት።

"ዝናብ ሲጠፋ ሣር ያለው እዚህ ነው" አለኝ፤ ሳይቆጣ። "የት ልውሰዳቸው? አንተ ንገረኝ፣ እወስዳቸዋለሁ።"

የምነግረው ቦታ አልነበረኝም። የሜዳ አህዮቹ ከሩቅ ያዩናል፤ እሷ ኩይሳ ላይ ናት።

"ያቺ ቀይዋ ብቻዋን ናት" አለ ገልገሎ። "ወንድ የላትም?"

"የለም።"

"ልጅስ?"

"የለም። ሌላ የለም፤ እሷ ብቻ ናት።"

ረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየ። ከዚያ በፉጨት ከብቶቹን ሰብስቦ ወደ ወንዙ ማዶ ወሰዳቸው። በኋላ ሳገኘው ሰላምታው ተለወጠ። መጀመሪያ ስለ ቤተሰቤ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ "ቀይዋስ?" ይላል።

እሷን ወደ ሌላ ቦታ ስለ መውሰድ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። በሌላ አካባቢ ቆርኬዎች በጥበቃ የሚኖሩበት ሜዳ አለ። እሷን በማደንዘዣ ወግቶ፣ በሳጥን ጭኖ፣ ከዘመዶቿ ለመቀላቀል ታሰበ። ሳጥኑ ተሠራ። ከአዲስ አበባ የእንስሳት ሐኪም መጣች። ዶክተር ሰብለ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ብዙ የማትናገር፣ የራሷን ሻንጣ ለማንም የማትሰጥ ሴት ናት።

አሥር አለቃ ይመር በዚህ ሐሳብ በጣም ተደስተው ነበር። "እዚህ ከባዕድ ጋር ብቻዋን ከምትሞት እዚያ ወገኖቿ መሃል ትግባ" ይሉ ነበር። እኔም እንደሳቸው ነበርኩ። ጥጃ ስትወልድ ሁሉ ይታየኝ ነበር።

ዶክተር ሰብለ ግን መጥታ የማደንዘዣ ጠመንጃዋን አላወጣችም። መጀመሪያ ተቀምጣ አየቻት። ጠዋት አየቻት፣ ከሰዓት አየቻት። በማግስቱም እንዲሁ።

"አቶ አንጁሎ፣ ስትበላ እንዴት ናት?" አለችኝ።

"ቀስ ትላለች። ረጋ ያለች ናት።"

"ከሌሎቹ ቆርኬዎች ጋር ሳለች፣ ድሮም እንዲህ ነበረች?"

አሰብኩ። አልነበረችም። ቀስ ማለቷን ረጋ ማለት ነው ብዬ ነበር የወሰድኩት።

መንጋው ፈቀቅ ሲል ዶክተሯ እሷ የቆመችበት ቦታ ሄዳ የጣለችውን ፋንድያ አነሣች። በጣቶቿ ፈርፍራ አሳየችን። ውስጡ ያልላመ ረጅም ሣር ነበር። ቀጥሎም መሬት ላይ አጎንብሳ በከፊል ታኝኮ የወደቀ ሣር ለቀመች።

"ጥርሷ አልቋል" አለች። "አርጅታለች። ይህን ጠንካራ ሣር ማድቀቅ አትችልም። ጎድኗ የሚታየው ለዚህ ነው።"

አሥር አለቃ ቶሎ አልተቀበሉም። "ዶክተር፣ እዚያ ወስደን ብንቀልባትስ? ሳጥኑም ተሠርቷል፣ መኪናውም ቆሟል፣ ሰውም ተሰብስቧል።"

"አሥር አለቃ፣ ወግቼ ልጥላት እችላለሁ። መልሼ ላስነሣት መቻሌን ግን አላውቅም። ቆርኬ ድንጋጤ አይችልም፤ ጎረምሳውም በመንገድ ይሞታል። ይቺ ደግሞ ብትደርስም አትወልድም። ለማን ብለን ነው የምንጭናት? ለእሷ ነው ለእኛ?"

አሥር አለቃ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። "እሺ" አሉ። ለቢሮው በራዲዮ የተናገሩትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኩል ብዙ ጥያቄ መጣ፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ ለሁሉም መለሱ። "ውሳኔው የሐኪሟ ነው፣ እኔም ተስማምቻለሁ" አሉና ዘጉ።

ከመሄዷ በፊት ዶክተር ሰብለ ለብቻዬ ጠራችኝ። "እርስዎ ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር አለ። ለስላሳ አዲስ ሣር ታግኝ። ረጅሙ አይጠቅማትም።"

"ከየት ይመጣል ዶክተር?"

"ከብት ረጅሙን ቢግጠውና ቢለቅላት ከሥር የሚበቅለው ለሷ ይሆናል። ውኃ አጠገብ ርጥበት ያለበት ቦታ።"

ያ ቦታ ሰርመሌ ዳር ነው። ገልገሎ በድርቅ ጊዜ ከብቶቹን የሚያተርፍበት ቦታ። ብዙ ዘመን ከብት ከዚያ ሳባርር ኖሬ አሁን ሄጄ "ከብቶችህን አግባ፤ ከዚያ ደግሞ በጣም በሚያስፈልግህ ጊዜ አውጣ" ልለው ነው። አሥር አለቃን አስፈቅጄ ሄድኩ።

ገልገሎ ግራር ሥር ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ወንድሙም አብሮት ነበር። ወንድሙ ነገሩ ሲገባው ተነሥቶ ቆመ፤ በኦሮምኛ በፍጥነት ተናገረ። ሁሉንም ባልሰማም ስለ ላሞቹ እንደሆነ ገባኝ።

"ምን ይላል?" አልኩት።

"ለአንዲት አሮጊት አውሬ ብለህ ላሞችህን ታስርባለህ ወይ ይለኛል።"

"አንተስ ምን አልከው?"

"እስካሁን አልመለስኩለትም" አለ። በእጁ የያዘውን ዱላ መሬት ላይ አጋደመ። ከዚያ "ቤት ያረጀች ላም ብትኖረኝ ጥርሷ አለቀ ብዬ አልጥላትም፤ ሣር አጭጄ አቀርብላታለሁ" አለ። ወንድሙ ጥሎን ሄደ።

እንዳልነው ሆነ። ከብቶቹ ገብተው ረጅሙን ሣር ጋጡ፤ ገልገሎ አወጣቸው። ጥቂት ካፊያ ጣለና ከሥር አረንጓዴው ወጣ። ቆርኬዋ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን አገኘችው። የሜዳ አህዮቹም ተከትለዋት መጡ። ከኮረብታው ላይ ሆኜ በመነጽር ስትበላ አየሁ። አጎንብሳ ቶሎ ቶሎ ትነጭ ነበር።

በጋው ሲጠና የገልገሎ ከብቶች ከሱ። ሲያልፉ አያለሁ፤ ዳሌያቸው ወጥቷል። አንድ ጥጃ ሞተበት። "ይቅር በለኝ" አልኩት። "ድሮም በበጋ ይሞታል" አለኝ፤ ግን ፊቱን አላሳየኝም። ሰርመሌ ዳር ያለውን ቦታ አልነካም። ወንድሙም ሌላ ቦታ ፍለጋ ርቆ ሄደ እንጂ ከብቶቹን እዚያ አላስገባም። ስካውት አልቆመበትም፤ አጥርም አልነበረም። ቃል ብቻ ነበር።

ቆርኬዋ ያንን በጋ አለፈች። ዝናቡ መጣ፤ ሜዳው ሁሉ ለስላሳ ሣር ሆነ። ገላዋ ሞላ፤ ጠጉሯ አብረቀረቀ። አሥር አለቃ ጡረታ ሊወጡ ተቃርበው ነበር፤ በየጠዋቱ በራዲዮ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ እሷ ነበር። "በልታለች?" "በልታለች አሥር አለቃ።" "ቆማለች?" "ኩይሳዋ ላይ ናት።"

ከዝናቡ ማብቂያ በኋላ አንድ ጠዋት ከሜዳው ጫፍ ባለው ኬላችን ሻይ እያፈላሁ ሳለ ገልገሎ በእግሩ መጣ። ከብት አልያዘም። ስለ ቤተሰቤ አልጠየቀም።

"አንጁሎ፣ ቀይዋ ተኝታለች" አለኝ።

አብረን ሄድን። ግራር ሥር በጎኗ ተጋድማ ነበር። ቁስል የላትም፤ መሬቱ ላይ የትግል ምልክት የለም። ገልገሎ እኔን ሊጠራ ከመምጣቱ በፊት ጥንብ አንሣ እንዳይነካት እሾህ ቆርጦ ሸፍኗት ነበር። እጁ ደምቶ ነበር። እሾሁን ከላይዋ አንሥተን አየናት። ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አየሁት። ሽፋሽፍቷ ረጃጅም ነበር።

የሜዳ አህዮቹ ወደ ኮረብታው ሄደዋል። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ። ኩይሳው ላይ ማንም አልነበረም።

ራዲዮውን አነሣሁ። "ቆርኬ የለም" አልኩ።

የዕለቱ ተረኛ አዲስ ሰው ነበር። "ዛሬ አልታየችም ማለት ነው?" አለኝ።

"አይ። የለም ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ።"

ከዚያ የአሥር አለቃ ይመር ድምፅ ገባ። "ሰምቻለሁ ልጄ። እዚያው ቆየኝ፣ እመጣለሁ" አሉ። ዋልካው ገና አልደረቀም ነበርና መኪናው ግማሽ መንገድ ላይ ያዘ። የቀረውን በእግራቸው መጡ። ሦስታችን ፀሐይ እስክትበረታ አጠገቧ ተቀመጥን። ገልገሎ ወተት ይዞ ነበር፤ ተካፍለን ጠጣን።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ነው። ከደጄ ሆኜ ጫካውም፣ ሁለቱም ሐይቆች፣ የሜዳውም ጫፍ ይታዩኛል። አልፎ አልፎ አዲስ የተቀጠሩ ስካውቶች ይመጣሉ፤ ምን ላይ እናተኩር ይሉኛል። አብዛኞቹ ብርቅ እንስሳ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን የሜዳ አህያውን ጠብቁ እላቸዋለሁ፤ ሚዳቋውን፣ ከርከሮውን፣ በየመንገዱ የምታዩትን ጅግራ። ብዙ ነው ተብሎ የሚታለፈውን። አንድ ከቀረ በኋላ የሚሠራው ሥራ ማስታመም ነው። እሱንም ሠርቼዋለሁ፤ ቆርኬን ግን አልመለሰም።